ባትሪውን ከመግዛትዎ በፊት ኮንትሮለሩን ያንብቡ፦ ሊቲየም ባትሪ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ ፈልገው የሚመጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፤ ስንት ኪሎ ሜትር ይወስደኛል፣ ዋጋውስ ስንት ነው። ኮንትሮለራቸው፣ ማለትም ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሣጥን፣ ምን እንደሚፈልግ የሚጠይቅ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ሆኖም በብስክሌቱ ላይ አዛዡ ኮንትሮለሩ ነው። ከባትሪው ምን ያህል ከረንት እንደሚሳብ፣ ባትሪው ሲዳከም በስንት ቮልት ሥራ እንደሚቆም የሚወስነው እርሱ ነው፤ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ ሲመጣም ቀድሞ የሚቃጠለው እርሱ ነው። ባትሪው የተጠየቀውን ይሰጣል፤ መስጠት ካልቻለ ወይ ራሱን ያጠፋል ወይ ይግላል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት በኮንትሮለሩ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ትንሽ ወረቀት ሳያነቡ ገንዘብ ከመክፈል ነው።

በስም ቮልቴጅ ብቻ መግዛት

በባትሪው ላይ የተጻፈው “48 ቮልት” የመጠሪያ ስም እንጂ ባትሪው ሁልጊዜ የሚሰጠው ቮልቴጅ አይደለም። የተለመደው የሊቲየም አዮን ሴል አማካይ ቮልቴጁ 3.6 ወይም 3.7 ሲሆን ሙሉ በሙሉ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። ስለዚህ 10 ሴል በተከታታይ የተያያዘበት የ36 ቮልት ባትሪ ሲሞላ 42 ቮልት፣ ባለ 13ቱ የ48 ቮልት ባትሪ 54.6፣ ባለ 14ቱ ደግሞ 58.8 ቮልት ይሆናል። ይህን የመጨረሻውን አንዳንዱ ሻጭ “52 ቮልት” ብሎ ሲሸጠው ሌላው እንዲሁ “48” ይለዋል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ሴል በበኩሉ አማካዩ 3.2፣ ሙሉው 3.65 ቮልት ነው፤ 16ቱ ሲያያዙ 58.4 ቮልት ይሰጣሉ፣ እርሱም ገበያ ላይ “48” ተብሎ ይገኛል። በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ባትሪዎች ሲሞሉ አራት ቮልት ያህል ይራራቃሉ ማለት ነው።

ይህ ልዩነት የሚያርፈው በኮንትሮለሩ ውስጥ ባሉት፣ ኤሌክትሪክ ለአፍታ በሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ላይ ነው። በ36 ቮልት ኮንትሮለሮች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው 50 ቮልት የሚችል ካፓሲተር ሲሆን በ48 ቮልቶቹ ውስጥ 63 ቮልት የሚችለው የተለመደ ነው። ዕቃ በማድረስ የሚተዳደር አንድ ወጣት “ፍጥነት ይጨምራል” ተብሎ ተመክሮ በ36 ቮልት ኮንትሮለሩ ላይ የ48 ቮልት ባትሪ ገጠመ። ፍጥነቱ በእርግጥ ጨምሮለት ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ካፓሲተሩ አብጦ ፈነዳ፤ ሞስፌት የሚባሉት የኃይል ማብሪያ ማጥፊያ ክፍሎችም ተቃጥለው እርስ በርስ በመገናኘታቸው ብስክሌቱ ጠፍቶ እንኳ ሲገፋ ጎማው አልዞር ይል ነበር። የመከረው ሰው የተናገረው ሐሰት አልነበረም፤ የካፓሲተሩን ጽሑፍ ግን አላነበበም።

ባለ 14 ሴሉን ባትሪ በ63 ቮልት ካፓሲተር ላይ መግጠም ብዙ ሰው የሚያደርገውና ብዙ ጊዜም የሚሠራ ነው፤ ነገር ግን የሚቀረው ክፍተት አራት ቮልት ብቻ ነው። እኔ የማደርገው የኮንትሮለሩን ክዳን ከፍቼ በትልቁ ካፓሲተር ጎን ላይ የተጻፈውን ቮልት ማንበብ ነው። በዚያ ቁጥርና በሞላው ባትሪ መካከል ቢያንስ የአሥር በመቶ ልዩነት ከሌለ አልገጥመውም።

በተቃራኒው የ36 ቮልት ባትሪ በ48 ቮልት ኮንትሮለር ላይ የገጠመ ሰው ምንም አያቃጥልም፤ ብስክሌቱ አይነሣለትም ወይም ወዲያው ይቆምበታል እንጂ። አብዛኞቹ የ48 ቮልት ኮንትሮለሮች በ40 እና በ42 ቮልት መካከል ሥራ ያቆማሉና።

አምፔርን ከአምፔር ሰዓት ጋር ማምታታት

ሌሎቹን ስህተቶች በትዕግሥት ማስረዳት እችላለሁ። ይህኛው ግን ብዙ ሰው ያለ አግባብ ገንዘቡን ሲያባክንበት በማየቴ ትዕግሥቴን አሟጦታል። በሻጩም በገዢውም አንደበት “20 አምፔር ባትሪ” ሲባል ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የታሰበው 20 አምፔር ሰዓት ነው። እርሱ ደግሞ ባትሪው የሚይዘውን መጠን የሚገልጽ እንጂ በአንድ ጊዜ ሊሰጥ የሚችለውን ከረንት የሚገልጽ አይደለም። በኮንትሮለሩ ላይ የተጻፈው “30 አምፔር” ግን በእርግጥም ከረንት ነው። ገዢው ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጥና “ባትሪዬ 20፣ ኮንትሮለሬ 30፤ ትንሽ ነው የሚያንሰው” ይላል፤ ወይም “ሁለቱም 20 ናቸው፤ ገጠሙ” ብሎ ደስ ይለዋል። ሁለቱም ንጽጽሮች ትርጉም የላቸውም።

ባትሪው ሊሰጥ የሚችለው ከረንት የሚወሰነው በሁለት ነገሮች ነው። የመጀመሪያው የሴሉ ዓይነት ነው። ሳምሰንግ 35ኢ የተባለው ሴል 3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛል፤ ሳይቋረጥ እንዲሰጥ የተፈቀደለት ከፍተኛው ከረንት ግን 8 አምፔር ነው። አራቱ በትይዩ ሲያያዙ 14 አምፔር ሰዓትና በወረቀት ላይ 32 አምፔር ይሆናሉ፤ በዚያ ጫፍ ላይ ግን ሴሎቹ በኃይል ይግላሉ፣ ዕድሜያቸውም ያጥራል። ሳይጨነቁ የሚሰጡት የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ሞሊሴል ፒ42ኤ የተባለው ወፈር ያለ ሴል ደግሞ 4,200 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይዞ እስከ 45 አምፔር እንዲሰጥ ተፈቅዶለታል። ሦስቱ ብቻ በትይዩ ሲያያዙ 12.6 አምፔር ሰዓት ይሆናሉ፤ ይህ ከፊተኛው ያነሰ ነው፤ ነገር ግን የ30 አምፔር ኮንትሮለር ጥያቄ ለእነርሱ ቀላል ሥራ ነው። በቁጥር ትልቅ የሆነው ባትሪ በአቀበት ላይ ደካማው ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ወሳኝ ቢኤምኤስ የሚባለው የባትሪው መጠበቂያ ሰሌዳ ነው። ሴሎቹ 60 አምፔር መስጠት ቢችሉ እንኳ ሰሌዳው የ20 አምፔር ከሆነ፣ ኮንትሮለሩ ከዚያ በላይ ሲስብ መስመሩን ይቆርጣል። አዲስ ባትሪ ገዝቶ አንዱ አቀበት ላይ በደረሰ ቁጥር ብስክሌቱ የሚጠፋበት አንድ ሰው ነበር። በሜዳ ላይ እንከን የለበትም፤ አቀበቱ ላይ ይጠፋል፤ ባትሪውን አጥፍቶ ሲያበራው ምንም እንዳልሆነ ተነሥቶ ይሄዳል። አንዱ ቴክኒሻን ሞተሩ ነው ብሎ ሞተር አስለወጠው። ችግሩ ባለመፍታቱ ሌላው ኮንትሮለሩ ነው አለና የባሰ ከረንት የሚስብ ኮንትሮለር ገጠመለት፤ ብስክሌቱም ከመጀመሪያው በበለጠ ይጠፋ ጀመር። ችግሩ የነበረው የ30 አምፔር ኮንትሮለር በ20 አምፔር ሰሌዳ ላይ መገጠሙ ብቻ ነበር። መፍትሔውም አንድ ብር አላስወጣም፤ ሁለተኛው ኮንትሮለር ኬቲ ተብሎ ከሚታወቀው ዓይነት ስለነበረ በማሳያው ላይ ሲ5 የተባለውን ቅንብር ዝቅ አድርጎ ከረንቱን መቀነስ በቂ ሆነ። ለሞተሩና ለኮንትሮለሩ የወጣው ገንዘብ ግን የተሻለ ባትሪ በገዛ ነበር።

ይህ ስህተት በባሕር ዳር ወይም በሐዋሳ ሜዳ ላይ ለዓመታት ሳይታወቅ ሊኖር ይችላል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይጋለጣል። ጋላቢውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 110 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በየመቶ ሜትሩ ስምንት ሜትር ከፍ የሚል አቀበት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለመውጣት 480 ዋት ያህል ለከፍታው ብቻ ይወጣል። በሞተሩ ውስጥ በሙቀት የሚባክነውና ለነፋሱ የሚወጣው ሲጨመርበት ከባትሪው የሚሳበው ከ700 ዋት ያልፋል፤ ይህም በ48 ቮልት 15 አምፔር ያህል ሲሆን ለሰከንዶች ሳይሆን አቀበቱ እስኪያልቅ ድረስ የሚቀጥል ነው። ከቆመበት ለመነሣት እጀታውን ሙሉ በሙሉ ሲጠመዝዙት ደግሞ ኮንትሮለሩ እስከ ጣሪያው ይስባል።

ስለዚህ የኮንትሮለሩ ከፍተኛ ከረንት 30 አምፔር ከሆነ ሰሌዳው ሳይቋረጥ 40 አምፔር የሚችል፣ ሴሎቹም በድምር ከዚያ የማያንስ አቅም ያላቸው ይሁኑ። ሻጩን “ለስንት ሰከንድ?” ብለው ይጠይቁት፤ በማስታወቂያ ላይ ጎልቶ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚፈቀደው ነውና። በኮንትሮለሩ መለያ ላይ ሁለት የአምፔር ቁጥሮች ካገኙ ትልቁ ወደ ሞተሩ በሚሄዱት ሦስት ሽቦዎች የሚያልፈው ከረንት ነው፤ ለባትሪ ምርጫ የሚያገለግለው ትንሹ ነው። በሞተሩ ላይ የተጻፈው “1000 ዋት” ለዚህ ሥራ ምንም አይጠቅምም።

ቢኤምኤሱን በሽቦ ማለፍ

ከላይ ካለው ስህተት የሚወለደው ይህ ነው። ባትሪው እየቆረጠ ያስቸገረው ሰው “ይህን ሰሌዳ እለፈውና በቀጥታ አገናኝልኝ” ይላል፤ እሺ ብሎ የሚበይድለትም አያጣም። ይህ ውሻው ሌሊት ጮኸ ብሎ ውሻውን እንደ መግደል ነው። እኔ ይህን ሥራ ማንም ቢለምነኝ አልሠራም፤ ተሠርቶ የመጣ ባትሪም ሰሌዳው ካልተመለሰ በቀር ቻርጅ አላደርግም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኮንትሮለሩ የሚያየው የባትሪውን ጠቅላላ ቮልቴጅ ብቻ ነው። ባለ 13 ረድፍ ባትሪ (ረድፍ የምለው በትይዩ ተያይዘው እንደ አንድ የሚሠሩትን ሴሎች ነው) 44 ቮልት ሲያሳይ ኮንትሮለሩ “ገና አለው” ብሎ መሳቡን ይቀጥላል። ነገር ግን አሥራ ሁለቱ ረድፎች 3.5 ቮልት ሆነው አንዱ ወደ 2 ቮልት ወርዶም ድምሩ ያው 44 ነው። ያንን ደካማ ረድፍ ለብቻው የሚያየው ሰሌዳው ብቻ ነው። እርሱ ከሌለ ረድፉ እስከ ዜሮ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ተገላቢጦሽ ይነዳል። እንዲህ በጥልቀት በወረደ ሴል ውስጥ መዳቡ እየሟሟ በኋላ ቻርጅ ሲደረግ ሴሉን ከውስጥ ያገናኘዋል። እሳቱ የሚነሣው ሰው በሚጋልብበት ሰዓት ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ቤተሰቡ በተኛበት ነው። በኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከሊቲየም አዮን ባትሪ ጋር የተያያዙ 268 ቃጠሎዎች ተመዝግበው 18 ሰዎች ሞተዋል። ከዚያው ዓመት መስከረም ወር ጀምሮም በከተማዋ የሚሸጥ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ዩኤል የተባለው የአሜሪካ የደኅንነት መርማሪ ድርጅት ያወጣውን የዩኤል 2849፣ ባትሪውም የዩኤል 2271 ማረጋገጫ እንዲኖረው በሕግ ተደንግጓል። በአሜሪካ የሚኖር አንባቢ እነዚህን ቁጥሮች በባትሪው ላይ ቢፈልግ፣ እዚህ ያለውም ሻጩን ቢጠይቅ አይጎዳም።

የሚቆርጥ ባትሪ ሲገጥምዎ መጀመሪያ የሚሠራው ባትሪው ካረፈ በኋላ በቀጫጭኖቹ የመለኪያ ሽቦዎች በኩል እያንዳንዱን ረድፍ በማልቲሜትር መለካት ነው። አንዱ ረድፍ ከሌሎቹ በጉልህ ካነሰ ችግሩ ሴሉ ነው። ሁሉም እኩል ከሆኑ ሰሌዳው ለኮንትሮለሩ አንሶታልና ሴሎቹ የሚፈቅዱ ከሆነ ሰሌዳውን በትልቅ መለወጥ፣ ካልፈቀዱም የኮንትሮለሩን ከረንት መቀነስ ነው።

ባትሪውን አለመመዘን

ሐሰተኛ አቅም የተጻፈበትን ባትሪ ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ሚዛን ይበቃል። 48 ቮልት 20 አምፔር ሰዓት ማለት 960 ዋት ሰዓት ነው። ጥሩ የሚባል የሊቲየም አዮን ሴል በኪሎ 250 ዋት ሰዓት ያህል ስለሚይዝ ሴሎቹ ብቻቸውን ወደ አራት ኪሎ ይጠጋሉ፤ ከሣጥኑ፣ ከሰሌዳውና ከሽቦው ጋር ከአምስት ኪሎ አይርቁም። በፎስፌት ሴል የተሠራ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይከብዳል። “20 አምፔር ሰዓት” ተብሎ በአንድ እጅ ተንጠልጥሎ የሚመጣ ባለ ሦስት ኪሎ ባትሪ በፊዚክስ ሕግ ሐሰት ነው። ቅለቱን እንደ ጥቅም ቆጥሮ የተደሰተ ሰው ባትሪ ሲከፈት የሣጥኑ ግማሽ በስፖንጅ ተሞልቶ አይቻለሁ። በሴሉ ላይ “9,900 ሚሊ አምፔር ሰዓት” የሚል ጽሑፍ ያለበት ቀጭኑ ዓይነት ሴል ካጋጠመዎ ዋጋውን አይጠይቁ፤ በዚያ መጠን ካሉት እውነተኛ ሴሎች ጥሩዎቹ የሚይዙት 3,500 ገደማ ነው።

የሊድ አሲዱን ቻርጀር ለሊቲየሙ ማውረስ

በባለ ሦስት እግሮችና ከበድ ባሉ ስኩተሮች ላይ የነበረውን ሊድ አሲድ አውጥተው ሊቲየም የሚያስገቡ ሰዎች ቻርጀሩን ለመጣል ይሳሳሉ። የ48 ቮልት ሊድ አሲድ ቻርጀር ወደ 58 እና 59 ቮልት ይወጣል፤ ባለ 13 ረድፍ ሊቲየም አዮን ባትሪ ግን 54.6 ላይ መቆም አለበት። በየሌሊቱ የሚያድነው የመጠበቂያ ሰሌዳው ብቻ ይሆናል፤ ሰሌዳው የተሠራው ደግሞ ለአደጋ ጊዜ እንጂ በየቀኑ ቻርጀር እንዲያቆም አይደለም። ከሊድ አሲድ ለሚወጣ ሰው እኔ የምመርጥለት ፎስፌቱን ነው። የ48 ቮልቱ ኮንትሮለር በ16 ረድፍ፣ የ60 ቮልቱ በ20 ረድፍ ይስማማል፤ ሲሞሉ 58.4 እና 73 ቮልት ስለሚሆኑ ኮንትሮለሩ ከሊድ አሲዱ ጋር ከለመደው ብዙም አይርቁም። ኮንትሮለሩ ሥራ የሚያቆምባቸው 42 እና 52.5 ቮልትም ለእያንዳንዱ ሴል 2.6 ቮልት ያህል ይሆናሉ፤ ይህም ለፎስፌት ሴል ዝቅተኛ ቢሆንም ከተፈቀደለት ወለል በላይ ነው። እንዲህም ሆኖ ቻርጀሩ ለፎስፌት የተሠራ መሆን አለበት።

ሞልቶ ቁልቁል መውረድ

ይህ የሚመለከተው ሲፈሬን ኃይል ወደ ባትሪው የሚመልስ ኮንትሮለር ያላቸውን ብቻ ነው። ቤቱ እንጦጦ ግርጌ የሆነ ሰው ሌሊቱን ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ ጠዋት ቁልቁል ሲወርድ የሚመለሰው ኃይል መግቢያ የለውም። ሰሌዳው “ሞልቷል” ብሎ መስመሩን ሲቆርጥ ሞተሩ የሚያመነጨው ቮልቴጅ ተቀባይ አጥቶ በኮንትሮለሩ ውስጥ ይወጣል፤ ካፓሲተሩም ሞስፌቱም የሚሄዱት ያኔ ነው። የቻርጅ መግቢያው ከመውጫው የተለየ ሰሌዳ ከሆነ ደግሞ ኃይሉ በመውጫው በኩል ስለሚመለስ ሰሌዳው ላያቆመውና ሴሎቹ ከልክ በላይ ሊሞሉ ይችላሉ። መፍትሔው ባትሪውን እስከ 90 በመቶ ብቻ መሙላት ወይም ቁልቁለቱ እስኪያልቅ ይህን አገልግሎት ማጥፋት ነው።

አሮጌና አዲስ ባትሪ በትይዩ ማያያዝ

54 ቮልት ያለው ባትሪ 46 ቮልት ካለው ጋር ሲገናኝ በመካከላቸው የስምንት ቮልት ልዩነት አለ። የሁለቱ ባትሪዎችና የሽቦው ተቃውሞ በድምሩ 0.2 ኦም ቢሆን በዚያች ቅጽበት 40 አምፔር ከአንዱ ወደ ሌላው ይፈሳል፤ በቻርጅ በኩል ያን ያህል የሚችል የብስክሌት ባትሪ ብዙ አያጋጥምም። የግድ ከሆነ ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ ሞልተው፣ ልዩነታቸው ከ0.1 ቮልት ሲያንስ ብቻ ያገናኙ። ፎስፌትን ከሊቲየም አዮን ጋር ማያያዝ ግን በምንም ሁኔታ አይፈቀድም።

ሽቦና ማገናኛ

ለ30 አምፔር ከ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ያላነሰ የመዳብ ሽቦ ይጠቀሙ። ባትሪውን ሲሰኩ የምትታየው ብልጭታ ባዶ ካፓሲተሮች ሲሞሉ የምትፈጠር ናት፤ ባትሪው ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ማገናኛውን ቀስ በቀስ ስለምትበላው ብልጭታ የሚከላከል ማገናኛ ቢገጠም ይመረጣል።

ከባትሪው ጋር የሚነጋገር ኮንትሮለር

ቦሽና ሺማኖ የሚሠሯቸው ስልቶች፣ እንዲሁም በርካታ የፋብሪካ ስኩተሮች፣ ኮንትሮለሩ ከባትሪው ሰሌዳ ጋር መልእክት እንዲለዋወጥ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ቮልቱም አምፔሩም የገጠመ ሌላ ባትሪ ቢያገኙ የሚጠብቀውን መልስ ስለማይሰጥ ብስክሌቱ ወይ አይነሣም ወይ የስህተት ቁጥር ያሳያል። ከባትሪው ወደ ኮንትሮለሩ ከቀዩና ከጥቁሩ ወፍራም ሽቦ ሌላ አንድ ወይም ሁለት ቀጫጭን ሽቦ የሚሄድ ከሆነ፣ የሽቦዎቹን ሥራ ሳያረጋግጡ ለሌላ ባትሪ ቀብድ አይክፈሉ። የመልእክት ሽቦ ሆነው ከተገኙ በአሮጌው ባትሪ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ይዘው ያንኑ ይፈልጉ፤ ካልተገኘም ሣጥኑንና ሰሌዳውን ሳይለውጥ ውስጡን በአዲስ ሴል የሚሞላ ባለሙያ ይፈልጉ። ሰሌዳው ኃይል ሲቋረጥበት ለዘለዓለም የሚቆለፍበት ዓይነት መኖሩን ያ ባለሙያ ማወቅ አለማወቁን ግን ባትሪውን ከመስጠትዎ በፊት ይጠይቁት።